ሚሊ ይሠራቸዋል የሚባሉት ቡሾች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠት ቀለል አለልሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳ ይራገጣል? አንቺም እንዲሁ ጎኔን በተረከዝሽ ስትደበድቢ ነበር የከረምሽው፤ ስለዚህ የእናቱን ወስዶ ከሆነ አትፍረጂበት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ ግን በስልክ እንደምልሽ ዓይነቱ ደኅና አይደለም። ያንን ላስረዳሽ ብዬ ነው ዛሬ ወረቀት ፊት የተቀመጥኩት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ወር አልፎታል። ለሠርጌ አንድ ቀን መጥተሽ ሮጠሽ ተመለስሽ፣ ታምሜ ስተኛም አልመጣሽም፣ አሁን ስወልድ ካልመጣሽ ግን እናት አለችኝ ብዬ ለሰው አላወራም ያልሽውን አነበብኩት። ተቆጣሁ ብልሽ ውሸት ነው። እውነትሽን ነው። በስልክ ስትጠይቂኝ እስኪ እናያለን የምልሽ፣ ስልኩ የአባትሽ ስለሆነ፣ እሱም አጠገቤ ሆኖ ስለሚሰማ ነው። ደብዳቤ ደግ ነገር ነው። ይኸው አሁን እንኳ አባትሽ ማዶ ተቀምጦ ሬዲዮ እየሰማ ነው። ለማን እንደምጽፍ ያውቃል፣ ምን እንደምጽፍ ግን አያውቅም።

አሁን የምነግርሽን ደገፍ ብለሽ አንብቢው። አባትሽ ብረት ከቆረጠ ስምንት ዓመት አልፎታል። እሱ፣ ሚሊ፣ ይሠራቸዋል የሚባሉትን የሞተር ሳይክል ቡሾች፣ ፒኖች፣ የሰንሰለት ጥርሶች በሙሉ የምሠራቸው እኔ ነኝ።

በቃ፣ ተጻፈ። እጄን አራግፌ ልቀጥል።

አንቺ ከቤት በወጣሽ በዓመቱ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆው ከሰሐኑ ጋር ይንኳኳ ጀመር። ብርድ ነው አልን። ከዚያ ብሎን ከእጁ መውደቅ አመጣ። የዓይን ነገር ነው አልን፣ መነጽር ተገዛ። መነጽሩም ከእጁ ሲወድቅ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ይሄ መንቀጥቀጥ የሚድን ዓይነት አይደለም፣ ግን አይገድልህም አለው። አባትሽ «አይገድልህም» የምትለዋን እንደ ስድብ ነው የቆጠራት። ታውቂው የለ፣ ሞተረኞቹ ሚሊ ብለው ስም ያወጡለት ለአንዲት ሚሊሜትር ግማሽ ቀን የሚጣላ ሰው ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጁ አልታዘዝ ሲለው ምን ይሁን? በሠርግሽ ቀን እጁን ከኋላው አቆላልፎ እንደ ዘበኛ ቆመ፣ አላቀፈኝም ብለሽ የተቀየምሽው መንቀጥቀጡን እንዳታይበት ብሎ ነው።

ቶርኖው፣ ያ ብረት የሚቀርጸው ማሽን ማለቴ ነው፣ በፊት እሱ ሲሠራበት እኔ ዘይት አጠጣለት፣ ብረት አቀብለው ነበር። እጁ ሲብስበት፣ የሱ እጅ ከሥር ሆኖ የኔ ከላይ ጫን ይልለት ጀመር። ቆይቶ የኔ ከሥር ሆነ፣ የሱ ከላይ። አንድ ቀን ሳይ የሱ እጅ የለም። ከኋላዬ ቆሞ በአፉ ብቻ ነው የሚያሠራኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴትዮ ባለሙያ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ለአንድ ወር ነው ተብሎ ነበር። እጁ እስኪሻለው። ለማንም አንናገር አለኝ። ሰው ሴት በሠራችው ቡሽ ላይ ተቀምጦ በዚያ ፍጥነት አይበርም አለኝ። እኔም ልክ ነህ አልኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ማለቱ አይደለም፤ እኔ ልክ ነህ ማለቴ ነው።

ሱቁ ትተሽው እንደሄድሽው ነው። ከፊት ጠባቧ ክፍል፣ ከኋላ ማሽኑ ያለበት። ማሽኑ ሲዞር ሁለታችንም ውስጥ ነን፤ የፊቱ በር ይዘጋና «ሥራ ላይ ነኝ፣ አንኳኩ» የሚል ላሜራ ይሰቀልበታል። ደንበኛ ሲያንኳኳ ማሽኑ ይጠፋል። አባትሽ ዘይት የጠጣውን ሽርጥ ከኔ ላይ ፈትቶ እሱ ይለብሳል፣ ሁለት እጁን የሽርጡ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ ይወጣል። የኋላውን በር ደግሞ በወጣበት በኩል ይቀረቅረዋል። አንዴ አንድ ተላላኪ ሽንት ቤት መስሎት ሰተት ብሎ ሊገባብን ለጥቂት ነው የተረፍነው፤ መቀርቀሪያው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የሠራሁትም እኔው ነኝ። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ አንድ ቀን እንኳ አላቃተተም።

እኔ እንግዲህ ዱካዬ ላይ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። ደንበኛ ሁሉ እንዳንቺ ቁጥብ አይምሰልሽ። አንዳንዱ ለአንዲት ፒን መጥቶ ሚስቱን፣ አማቱን፣ ኳሱን ሁሉ ዘርዝሮ እስኪጨርስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሽንቴ ቢመጣ የትም መሄድ የለም። አንድ ቀን ማስነጠስ ያዘኝ። አፌን በሽርጥ እንዳላፍን ሽርጡ እሱ ጋ ነው። ሦስት ጊዜ አስነጠስኩ። አባትሽ ድመታችን ናት አለ። ሰውየውም ድመትህን ጋቢ ደርብላት እንጂ ሚሊ፣ ጉንፋኑ ክፉ ነው ብሎት ሄደ። ያን ቀን ሁለታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ሳቁ ሲበቃን ማሽኑን አስነሣሁት።

ለሠርግሽ የመጣሁባት ቀን መብራት የለም ተብሎ ሱቁ የተዘጋባት ቀን ናት። በማግስቱ ደግሞ መብራት የለም ብንል ጎረቤቱ ሁሉ አብርቶ ሊያሳጣን ነው። ስትታመሚም እንዲሁ፤ ሚሊ በደጁ ቆሞ እየታየ ማሽኑ ዝም ቢል ሰው ምን ይላል አልን። ይሄን እንደ ሰበብ አትቁጠሪልኝ፤ ሰበብም አይሆን።

አንቺ ዘይቱ ይሸተኛል ብለሽ ደጃፉን አትረግጪም ነበርና ስለ ሥራው ትንሽ ላስረዳሽ፣ ወደ በኋላ ይጠቅምሻል። ቡሽ ማለት የኋላውን ጎማ የያዘው ሹካ ከሞተሩ አካል ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ግራና ቀኝ ጥንድ ሆና የምትገባ የነሐስ ቀለበት ናት። በመሐሏ ፒን ያልፋል። ልክ ከሆነች ፒኑ በአውራ ጣት ተገፍቶ ቀስ እያለ ይገባል። ከሰፋች ጎማው ይዋልላል፣ ሰው ይጥላል። መሣሪያው ልክ ናት ያላት ቡሽ እንኳ ልክ የማትሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እኔ እንደጨረስኩ አባትሽ ፒኑን ይከትባትና ጆሮው ሥር ይይዛታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ውስጧ ከተንኳኳ ድገሚው ይለኛል። ጸጥ ካለች ሆናለች። ከየትኛውም መለኪያ ያ እጁ ይበልጣል፣ አንድ ቀን አሳስቶን አያውቅም። እና እንዲህ ነው የምንኖረው፤ እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይንቀጠቀጣል።

ደብዳቤሽ በደረሰ በሳምንቱ ካርቶኔ መጣ። ማዶ የመለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ዕቃው ሁሉ በካርቶን ስለሚመጣ ሞተረኞቹ ናቸው ካርቶኔ ያሉት። ኪት ይሸጣል። አንዱን ካርቶን ስትከፍቺ ቡሹ፣ ፒኑ፣ ላስቲኩ፣ የብሎን ዳዶው፣ ቅባቱ ሳይቀር ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። እኛ ጋ ሞተር ሦስት ቀን ይተኛል፣ እሱ ጋ ጠዋት ገብቶ ለምሳ ይወጣል። ሞተረኛ ደግሞ ጎማው ካልዞረ ጉሮሮው አይረጥብምና አልፈርድባቸውም። አባትሽ ግን ይፈርዳል። ኪት የሚሆነው ከፋብሪካ በወጣ ዕለት ለነበረው ሞተር ነው ይላል። አሥር ዓመት አቧራ የበላ ሞተር ቀዳዳው እንቁላል ሆኗል፣ እንደየሕመሙ ካልሠሩለት ምን ዋጋ አለው ይላል። እሱ ኪትን ሲረግም እኔ ማሽኑ ላይ አጎንብሼ በሆዴ ኪት ይባረክ እል ነበር። ምክንያቱን መቼም አታጪውም። ኪት መሸጥ አፍ እንጂ እጅ አይፈልግም፤ አባትሽ ደግሞ አፍ አላነሰውም። ማሽኑ ካቆመ እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ አንቺ ጋ ነኝ።

ካርቶኔም ይሄንኑ ይዞ መጣ። ጋሽ ሚሊ፣ አንተ ስምህን አምጣ፣ እኔ ካርቶኑን ላምጣ፣ አብረን እንሽጥ አለው። አባትሽ ሳቀበት። ያኛውም ተናደደ። ተጨቃጨቁ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ ምላሷ የሚቆርጥ ሴትዮ ናት፣ ለሁለቱ የዳቦ ማመላለሻ ሞተሮቿ ቡሽ ልታሠራ መጥታ ቆማ ትሰማለች። እናንተን ስጠብቅ ሊጤ ኮመጠጠ አለቻቸው። ከዚያ እሷው ፈረደች። ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቀን ልጆች ናቸው፣ አንዱ በኪት፣ አንዱ በሚሊ ይሠራ፤ ስድስት ሳምንት ይሩጡና ቀድሞ የዋለለ ይሸነፍ አለች። ሚሊ ከተሸነፈ ማሽኑን ዘግቶ ኪት ሊሸጥ፣ ካርቶኔ ከተሸነፈ ቡሽ የሚባል ነገር ከሱቁ ሊያወጣ ተማማሉ። እኔ ከተቀረቀረው በር ኋላ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሁሉንም ሰማሁ።

ይኸውልሽ ኃጢአቴ። ቡሿን ላበላሻት ወሰንኩ። የአንዲት ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሰፋ ባደርጋት፣ ስድስት ሳምንት ሳትሞላ ትዋልላለች፣ እኔም እፈታለሁ። ተቀመጥኩና ነሐሱን በማሽኑ ላጥኩ። ልክ ሆነችብኝ። ሁለተኛዋንም ላጥኩ፣ ልክ። ልታምኚኝ አትችይም፣ ሦስተኛዋም ልክ ወጣች። እጄ የኔ አልመስል አለኝ። አራተኛዋን ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ጨመርኩባት፣ ሰፋች።

አባትሽ ፒኑን ከትቶ ጆሮው ሥር ያዛት። ተንኳኳች። እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም። ድገሚው እስኪለኝ ጠበቅኩ፣ አላለም። ከጆሮው አወረዳትና፦

«ይቺው ትግባ» አለኝ። «አንቺም ሂጂ። ልጅቷ እየጠበቀችሽ ነው።»

ማን ነገረህ ስለው፣ ሽርጡን እኮ ሁለታችንም ነን የምንለብሰው አለኝ። ለካ ደብዳቤሽን ኪሱ ውስጥ ረስቼዋለሁ። እጁን በከተተ ቁጥር ሲዳስሰው፣ ሲያነበው ሰንብቷል። እኔ ደብቄ፣ እሱም ማወቁን ደብቆ።

ሂጂ አለኝ ልጄ። ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። በሩም አልተቀረቀረም፣ ማንም አልነበረም። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ቡሿን ከእጁ መንጭቄ የብረት ፍርፋሪው ውስጥ ወረወርኳትና ልክ ከሆኑት ሁለቱን ሰጠሁት። ዳቦ አመላላሹ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ሰው ልታስገድለኝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። እውነቴን ነው፣ ስለ ሰውየው አስቤያለሁ። ስለሱ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልልሽም።

በአራተኛው ሳምንት የኪቱ ሞተር ትምህርት ቤቱ ማዞሪያ ላይ ዋለለና ወደቀ። ቡሹ ፕላስቲክ ኖሯል፣ እንደ ሳሙና አልቆ ተገኘ። እሱን የሚነዳው ሌላኛው አመላላሽ ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። ሰፈሩ ግን ያን ጠዋት ቁርሱን ከመንገድ ላይ ለቅሞ በላ። ሞተረኞቹ በሙሉ እኛ ሱቅ ተሰበሰቡ። የሚሊን ቡሽ ፈታተው አዩዋት፣ እንደገባች ናት። የሚሊ እጅ፣ የሚሊ እጅ እያሉ ሲጮሁ አባትሽ ሽርጡን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ መሐላቸው ቆሟል። እኔ ከበሩ ኋላ ሻርፔን ነክሼ ሳቅኩ። ያለቀስኩም ይመስለኛል፣ ሻርፑ ረጥቦ ነበር።

ካርቶኔ ሞኝ አይደለም። ያፍራል ስንል በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሚሊ፣ ከኪቱ ፕላስቲኩን አውጥቼ ያንተን ነሐስ ልክተትበት፣ በሦስት ዓይነት ልክ፣ በየወሩ ስልሳ ጥንድ ሥራልኝ አለ። እስከ ዛሬ አንተ በእጅ እኔ በካርቶን ስንባባል ከረምን፣ እጁን ካርቶኑ ውስጥ ብንከተውስ አለ።  አንድ ነገር ብቻ ግን ልጠይቅህ፣ ከመዋዋላችን በፊት ዓይኔ እያየ አንዷን ሥራልኝ፣ ከየትም ገዝተህ እንዳልሆነ ልይ አለው።

 አባትሽ አሁን ታመምኩ ይላል፣ አሁን ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል ብዬ ስጠብቅ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ።

«ግባ» አለው። «የሚሊ እጅ እዚህ ነው ያለው።»

ካርቶኔ ገባ። እኔን አየ። ከዚያ ከማሽኑ ኋላ ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ። ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ባለሙያው በየት ወጣ አለኝ።  ሽርጤን ከአባትሽ ተቀብዬ ለበስኩና አንዷን ላጥኩለት። ሻይ እስኪፈላ ያህል ነው የፈጀብኝ። አባትሽ ጆሮው ሥር ያዛት። ጸጥ አለች።

ይደንቀዋል፣ ይስቃል፣ ወይም ለሞተረኞቹ ሄዶ ያወራል ብዬ ስፈራ፣ እሱ እቴ፣ ነጋዴ አይደል።

«እትዬ፣ ግድ የለም» አለኝ። «ካርቶን ውስጥ ከገባች በኋላ ማን ሠራት ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ሊያጽናናኝ እኮ ነው።

እሺ አልኩት። አባትሽ አስቢበት፣ ልጅቷስ አለኝ። አይ፣ እሺ አልኩ። በስሜ ፈረምኩ፣ ለሁለት ዓመት፣ በየወሩ ስልሳ ጥንድ። መውለጃሽ የወደቀበትን ሳምንት ያሰብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ይሄው እጄ እንቢ አለኝ። ያሰብኩት ከመፈረሜ በፊት ነው።

መቀርቀሪያው ተነሥቷል። በሩ አሁን ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ነው የሚውለው፤ የመንገዱ ብርሃን እግሬ ድረስ ይገባል። ሞተረኞቹም ለመዱኝ፣ አንዳንዱ እማማ ሚሊ ይለኛል። ግን ማሽኑ ከዞረ ስለማይቆም ወደ ደጃፉ ብቅ ብዬ አላውቅም። ድሮ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ አርፍ ነበር። ስልሳኛዋን ጥንድ ስጨርስ የሚቀጥለው ወር ነሐስ ደጃፉ ላይ ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ትናንት ካርቶኔ ኪቱን ለሌላ ከተማም ልልክ ነው፣ ሰማንያ ይሁንልኝ አለ። እስኪ እናያለን አልኩት።

ስለዚህ ቅዳሜ የሚመጣው አባትሽ ነው። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፤ ለመለካቱ እስኪመለስ ድረስ በመሣሪያው እችላለሁ። የጠየቅሽው እናትሽን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቀዋል፣ በሩ ላይ ቆሞ ፊትሽን ሊያነብ ነውና እባክሽ ፊትሽን አደራ። ሾርባ በግማሽ ሰሐን ስጪው። ቁልፍ ክፈትልኝ፣ ክር አስገባልኝ አትበይው። ድንች መላጥ ግን ይወዳል፣ ቢቆይም ይልጣል፣ አትንጠቂው። ሕፃኑ ሲመጣ አልችልም ይልሻል። አትስሚው። ደገፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጪው፣ ክንዱ ሥር ትራስ አድርጊና ስጪው። እጁን ከኪሱ ራሱ ያወጣል፣ አንቺ ብቻ አትጎትቺው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትጽፊልኝ መቼ ትመጫለሽ ብለሽ አትጻፊልኝ፣ መልስ የለኝም። ምን እየሠራሽ ነው ብለሽ ጻፊልኝ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ምጥሽን አጭር፣ እጅሽ ላይ የሚያርፈውን ጤነኛ ያድርግልሽ። ጡትሽ ይሙላ፣ እንቅልፍሽ ይመለስ፣ ቤትሽ ይሙቅ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ። አባትሽን ደግሞ እቀፊልኝ፣ መጀመሪያ አንቺ እቀፊው።

የምትወድሽ እናትሽ